ቀይ ዳማው አስማተኛ የት ገባ?

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናዘዝ፤ ፊልሙን ወደነው ነበር።

ዘመኑ ሲዲ ቤት በየሰፈሩ እንደ ሻይ ቤት የፈላበት ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሲዲ የሚያከራየውን ልጅ "ዛሬስ ምን ገባ?" ብለን ሳንጠይቅ ወደ ቤት አንገባም። እሱም አንድ ቀን ባለ ሁለት ሲዲ ፊልም ከመደርደሪያው አወረደና "ይሄ ሃሪ ፖተርን ያስንቃል" አለን። ከመካከላችን ሰፋ ያለ ሳሎን ያለው ልጅ ቤት ተሰበሰብን። እናቱ በየመሃሉ ብቅ እያሉ "ደግሞ ዛሬ ምን ዓይነት ጥንቆላ ነው ቤቴ ያስገባችሁት?" ይሉናል። እኛም "እማማ፣ ትምህርታዊ ነው" እንላለን። የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ጌድ ነው። ስሙ ብቻውን አሳቀን፤ "ገዳም ልጅ ነው፣ ምንም አይነካውም" እየተባባልን አየነው። ድራጎን አለ፣ የአስማት ትምህርት ቤት አለ፣ ቆንጆ ልጅ አለች። ጨረስነው፣ ተደሰትን፣ ሲዲውን መለስን።

መጽሐፉ እጃችን የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። አስፋልት ዳር ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ሰውዬ ላይ አገኘነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ። "እንዴ! ይሄማ የኛ ጌድ ነው!" ብለን ገዛነው። ተራ በተራ ስናነበው ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ ቆምን። ጌድ አስማት ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኛ ያገኛል። ደራሲዋ ጓደኛውን ስታስተዋውቀን፣ ቆዳው እንደ ጌድና እንደ አብዛኞቹ የደሴቶቹ ሰዎች ቀይ ቡናማ ሳይሆን ጥቁር መሆኑን እግረ መንገዷን ጣል አድርጋ ታልፋለች። እንዲሁ በዋዛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ቀይ ቡናማ። ፈረንጅ ሁለት ቃል አገጣጥሞ የሚለውን እኛ ከድሮም ስም አውጥተንለታል። ቀይ ዳማ! ጌድ ቀይ ዳማ ነበር። ጓደኛው ደግሞ ጥቁር። ፊልሙ ላይ ያየነው ጌድ ግን ነጭ ነው፤ ኤክስ-ሜን ላይ የበረዶውን ልጅ ሆኖ የምናውቀው ሾን አሽሞር።

የከነከነን ልጁ ነጭ መሆኑ አይደለም፤ ፊልም ላይ ነጭ ማየትማ ምን አዲስ ነገር አለው? የከነከነን የራሳችን ነገር ነው። ልንኖርበት የሚገባን ፊልም ላይ እንደሌለን እንኳ ሳናስተውል ጨርሰን፣ ተደስተን፣ ሲዲውን መልሰናል።

ስለዚህ ዛሬ የምናወጋችሁ አንድ ተወዳጅ መጽሐፍ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ስለሚነሳው ጩኸት ነው። ጩኸቱ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲዋና ደሴቶቿ

ኧርሱላ ለጉዊን በ1929 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ባህልና ቋንቋ ያጠና ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ነው። እናቷ ቴዎዶራ ክሮበር ደግሞ ሕዝቡ አልቆበት ብቻውን ስለቀረው ኢሺ ስለሚባለው ሰው በ1961 መጽሐፍ ጽፋለች። እንግዲህ ልጅቱ ያደገችው "የኛ አኗኗር ብቻ ነው አኗኗር" የማይባልበት ቤት ውስጥ ነው።

በ1968 የኧርዝሲን የመጀመሪያ መጽሐፍ አወጣች። ባሕር ላይ እንደ ጥራጥሬ የተበተኑ ደሴቶች፣ በመካከላቸው ሮክ በምትባል ደሴት ላይ የአስማተኞች ትምህርት ቤት፣ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ አንድ ትዕቢተኛ ልጅ። ሃሪ ፖተር ከመታተሙ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ማለት ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ በ1971፣ ሦስተኛው በ1972 ተከተሉ። ከረጅም ዝምታ በኋላ አራተኛው በ1990 መጣ፤ በ2001 ደግሞ ሁለት ጨመረች።

1968 ለአሜሪካ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ አስታውሱ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው በዚያው ዓመት አፕሪል ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ በነበሩት ምናባዊ ልቦለዶች ውስጥ ጀግናው ነጭ መሆኑ እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ነው። እሷ ደግሞ ነገሩን ገለበጠችው። የደሴቶቹ ሰው ቀይ ዳማና ጥቁር ነው። ነጮቹ፣ ወርቃማ ጸጉር ያላቸው ካርጎች፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ በመርከብ መጥተው መንደር የሚያቃጥሉት ወራሪዎች ናቸው።

ይህንንም ያደረገችው ነጋሪት ሳታስጎስም ነው። ሆን ብላ ቀለሙን ዘግየት አድርጋ፣ ቀስ እያለች እንዳስገባችው በኋላ ተናግራለች። ነጩ አንባቢ ከጌድ ጋር ተፈርቶ፣ አብሮት ተሰቃይቶ፣ ልቡን ከሰጠው በኋላ ነው ቆዳው ምን እንደሚመስል የሚያውቀው። ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የለም!

አሳታሚዎቹ ግን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ሩት ሮቢንስ የሳለችው ጌድ እንደ መጽሐፉ ቡናማ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡ ብዙ እትሞች ላይ ግን ልጁ እየነጣ ሄደ። ደራሲዋም ከአሳታሚዎች ጋር በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተሟግታለች። ጌድን ማንጣት የጀመረው ቴሌቪዥን አልነበረም ማለት ነው።

ስም ቀልድ አይደለም

ወደ ፊልሙ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንጨምር፤ ምክንያቱም አበሻ አንባቢ ከማንም በላይ ይህንን ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

በኧርዝሲ ሰው ሁሉ እውነተኛ ስም አለው። ያን ስም የሚያውቅ ባለቤቱን ይገዛዋል። ስለዚህ እውነተኛ ስም ለእናት ልጅ እንኳ በቀላሉ አይነገርም፤ ለአደባባይ ሌላ መጠሪያ ይወጣል። ልጁ ሲወለድ ዱኒ ይባል ነበር። በአደባባይ ጭልፊት ይሉታል። ጌድ የሚለው ግን መምህሩ ኦጊዮን በአሥራ ሦስት ዓመቱ በጆሮው ያንሾካሸከለት የምስጢር ስሙ ነው።

አያቶቻችን የክርስትና ስማችንን ለማናውቀው ሰው እንዳንናገር ለምን ያስጠነቅቁን ነበር? "የሚደግምብህ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ስምህን ነው" ይሉ ነበር እኮ! ለጉዊን ይህን ከኛ ወሰደች እያልን አይደለም፤ ስምን የመፍራትና የማክበር ነገር በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አለ። እኛ ግን መጽሐፉን ስናነብ ማስረጃ አላስፈለገንም። ገባን። ጥቁሩ ጓደኛው እውነተኛ ስሙን ለጌድ አደራ ብሎ ሲነግረው ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደሆነ ለኛ ማንም ማስረዳት አልነበረበትም።

አሁን የፊልሙን ሥራ ስሙ። ስሞቹን ገለበጧቸው! በፊልሙ ልጁን አገር ምድሩ "ጌድ" እያለ ይጠራዋል፤ የምስጢር ስሙ ደግሞ ጭልፊት ሆነ። ለአየር ሰዓት ሲባል አንድ ትዕይንት መቁረጥ ይገባናል። ይሄ ግን የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ የጓሮ አጥር እንደማድረግ ነው።

ሁለት ምሽቶች

"ሌጀንድ ኦፍ ኧርዝሲ" ሳይ ፋይ በሚባለው የአሜሪካ የኬብል ጣቢያ በዲሴምበር 2004 በሁለት ምሽት ታየ። ዳይሬክተሩ ሮበርት ሊበርማን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ደግሞ በትልልቅ የቴሌቪዥን ፊልሞቹ የሚታወቀው ሮበርት ሃልሚ አባትየው ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ድስት ተቀቀሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ልጅ በትዕቢቱ ከለቀቀው የገዛ ጥላው ጋር የሚታገልበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሕፃንነቷ ከቤተሰቧ ተወስዳ ስም የለሽ ለሆኑ ኃይሎች ካህን የተደረገች ቴናር የምትባል ልጅ ታሪክ ነው። ፊልሙ ሁለቱን አጣብቆ ዓለምን የሚወርር ክፉ ንጉሥ ጨመረበት። ጌድና ቴናርንም ገና ሳይተዋወቁ በራእይ የሚተያዩ ፍቅረኞች አደረጋቸው፤ መጽሐፎቹ ለዚህ ፍቅር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀዋል።

ቀለሙስ? ጌድ ነጭ ሆነ። ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት መካከል ጥቁር ሆኖ የቀረው መምህሩ ኦጊዮን ነው፤ እሱን ዳኒ ግሎቨር ተጫወተው። ጥቁሩ ሽማግሌ ነጩን ልጅ መክሮ አሳድጎ ዞር ይላል። ይህችን ፊልም የት ነው ያየናት ብላችሁ ጠይቁ፤ መቶ ቦታ ትላላችሁ።

ለጉዊን የቴሌቪዥን ጠላት አልነበረችም። በ1980 የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን "ዘ ሌዝ ኦፍ ሄቨን" የሚለውን ልቦለዷን በትንሽ በጀት ሲሠራው አብራ ተሳትፋለች፤ ውጤቱንም ወዳዋለች። በኧርዝሲ ግን መብቱን ሸጣ የቀራት "አማካሪ" የሚል ማዕረግ ነው። ምክሯን ግን የጠየቃት የለም። ስክሪፕቱ ያለ እሷ አለቀ፣ ተዋንያኑ ያለ እሷ ተመረጡ።

ዝም ብላ ነበር። ዝምታዋ ያበቃው የፊልሙ ሰዎች ደራሲዋ በመጽሐፎቿ ልትል የፈለገችው ይሄንን ነው እያሉ ለመጽሔት መናገር ሲጀምሩ ነው። በኖቬምበር 2004 በራሷ ድረ ገጽ ላይ መልስ ሰጠች። ፊልሙ በታየበት ሳምንት ደግሞ ስሌት የሚባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ ሙሉ ጽሑፍ አወጣች፤ መጽሐፌ በኖራ ተቀባ የምትል ዓይነት። እዚያ ላይ ከጻፈችው እኛን የነካን አንድ ነገር ነው። ነጭ ያልሆኑ አንባቢዎች፣ በተለይ ስለ ጉርምስና ዘመናቸው፣ በዚህ ዓይነት ልቦለድ ውስጥ ራሳቸውን ያገኙት እዚህ ብቻ እንደሆነ ነግረዋታል።

የአንባቢው ቁጣ ይህን ያክል የከረረው ለዚህ ይመስለናል። "መጽሐፉ ይሻላል" የሚለው የተለመደ ማላዘን አይደለም። ፒተር ጃክሰን በ2001 የቶልኪንን መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲያመጣ ቶም ቦምባዲልን ሙሉ በሙሉ አስቀርቶታል፤ አንባቢው ትንሽ አጉረመረመና ይቅር አለ። ቶም ቦምባዲል ስለቀረ ከሲኒማው "እኔስ?" እያለ የወጣ ልጅ የለም። ከኧርዝሲ ግን አንድ ገጸ ባሕርይ አይደለም የተቀነሰው፤ ተመልካቹ ነው የተቀነሰው።

ቁጣው አደባባይ ሲወጣ

2004 ላይ የተናደደ ተመልካች ደብዳቤ ይጽፋል፣ ኢንተርኔት ላይ ያማርራል፤ ጣቢያው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ግን ሌላ ነው።

"ጌም ኦፍ ትሮንስ" በኤችቢኦ አፕሪል 2011 ሲጀምር እኛ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተሸጋግረናል። ፍላሻችንን ይዘን ፊልም ቤት ሄደን እናስጭናለን። ሰኞ ያላስጫነ ማክሰኞ ካፌ አይገባም፤ ታሪኩን ያበላሹበታል።

(ያላያችሁት ካላችሁ የሚቀጥለውን አንቀጽ ዝለሉት። አላስጠነቀቁንም እንዳትሉ።)

ጁን 2 ቀን 2013 "ቀዩ ሠርግ" ታየ። ሠርግ ላይ የተጋበዘ ቤተሰብ ከነሠራዊቱ ታረደ። መጽሐፉን በ2000 ያነበቡት ለአሥራ ሦስት ዓመት ምስጢር ይዘው ቆይተዋል። በዚያ ምሽት አንባቢዎቹ ምን አደረጉ? ጓደኞቻቸውን ሶፋ ላይ አስቀምጠው ካሜራ ደቀኑባቸው! ሲጮሁ፣ ሲያለቅሱ፣ ትራስ ሲወረውሩ የሚያሳዩት ቪዲዮዎች ዓለምን አዳረሱ። የተመልካች ስሜት ራሱ ትርኢት ሆነ።

ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ሰው አለቀሰ እንጂ "ተከዳሁ" አላለም። ጭካኔው ከታሪኩ የመጣ ነው። "ተከዳን" የሚለው የመጣው በ2019 ነው። ተከታታዩ ከ2016 ጀምሮ መጽሐፎቹን ቀድሟቸው ሄዷል፤ ስድስተኛው መጽሐፍ ሳይታተም ፊልሙ መጨረሻው ደረሰ። ስምንተኛው ምዕራፍ በስድስት ክፍል ብቻ ተጣድፎ አለቀ። አንዱ ክፍል ከመጨለሙ የተነሳ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰለው፤ በሌላው ክፍል ቤተ መንግሥት ውስጥ የዘመናችን የቡና ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ታየ። የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን የሚለው አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። በዚያው ዓመት ደግሞ ተከታታዩ የኤሚን ምርጥ ድራማ ሽልማት ወሰደ። ሚሊዮን ሰው ተቆጣ፣ ዋንጫው ግን ቤቱ ገባ።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ለታሪካችን የሚጠቅመው እሱ ነው። ሚሳንዴይን አስታወሳችኋት? ናታሊ ኢማኑኤል የተጫወተቻት፣ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስተርጓሚ። ከዋና ዋናዎቹ ሴቶች መካከል ነጭ ያልሆነችው እሷ ነች። እሷም በ2019 እጇ በሰንሰለት ታስሮ አንገቷ ተቀላ። ብዙ ጥቁር ተመልካቾች "ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ በሰንሰለት?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከቡና ኩባያው ያነሰ ነው የተወራለት።

ነገሩ ሲገለበጥ

በ2022 ሁለት ትልልቅ ተከታታዮች በተከታታይ መጡ። በኦገስት "ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን"፣ በሴፕቴምበር ደግሞ አማዞን ከቶልኪን ዓለም የሠራው "ዘ ሪንግስ ኦፍ ፓወር"። በመጀመሪያው ውስጥ የቬላሪዮን ቤት ጌታ ጥቁር ሆነ፤ ስቲቭ ቱሳንት። በሁለተኛው ደግሞ ኢስማኤል ክሩዝ ኮርዶቫ ኤልፍ፣ ሶፊያ ኖምቬቴ የድዋርፎች ልዕልት፣ ሌኒ ሄንሪ ሃርፉት ሆኑ።

ጩኸቱ ተነሳ። አሁን ግን ከሌላው አቅጣጫ። "ለመጽሐፉ ታማኝ ሁኑ! ኤልፍ ጥቁር አይደለም!" ተዋንያኑ ላይ የዘረኝነት ስድብ ዘነበባቸው። አማዞን የተመልካች አስተያየቶችን ለሰባ ሁለት ሰዓት አቆይቶ እስከ ማጣራት ደረሰ። የተከታታዩ ተዋንያን በሙሉ በአንድነት የድጋፍ መግለጫ አወጡ። የድሮው ፊልም ፍሮዶ፣ ኤላይጃ ዉድ፣ ከጓደኞቹ ጋር የሁሉም ዓይነት ቀለም ጆሮ የተሳለበት ልብስ ለብሶ ታየ።

እዚህ ላይ ነው በመካከላችን ጠብ የተነሳው፤ ሳንደብቅ እንናገር። ከኛ አንዱ እንዲህ አለ፦ "በ2004 ጌድን ነጭ ማድረጋቸው ጥፋት ነው ያልን ሰዎች፣ በ2022 ኤልፉን ጥቁር ማድረጋቸው ልክ ነው ለማለት ምን መብት አለን? ወይ መጽሐፉ ይከበር፣ ወይ አይከበር። ሚዛን ሁለት አይሆንም።"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ማኪያቶ ፈጅቶብናል።

የአብዛኞቻችን መልስ ይህ ነው። አንደኛ፣ "መጽሐፉ ይከበር" ባዮቹ መጽሐፉን ያነበቡት ይመስላል? ቶልኪን ራሱ ሃርፉቶቹ ከሌሎቹ ሆቢቶች ይልቅ ቆዳቸው ጠየም ያለ እንደሆነ ጽፏል። በሌኒ ሄንሪ የተናደደ ሰው የተናደደው በመጽሐፉ ነው። ስለ ኤልፎቹ ግን እውነቱን እንናገር፤ ቶልኪን ብዙዎቹን ነጣ ያሉ አድርጎ ነው የሚስላቸው። እዚያ ላይ ወዳጃችን ነጥብ አለው።

ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ ቀለሙ ታሪኩ ውስጥ ምን ይሠራል? የሚለው ነው። የአንድ ኤልፍ ቆዳ ቢጠቁር ቀለበቱ ያው ቀለበት ነው፣ ክፋቱም ያው ክፋት ነው፣ የሚፈርስ ነገር የለም። የጌድ ቀለም ግን ተሰልቶ የገባ ነው። ደራሲዋ በ1968 ማን ጀግና፣ ማን ወራሪ እንደሚሆን የተለመደውን ሥርዓት የገለበጠችበት መዘውር እሱ ነው። እሱን ስትነቅለው ሥርዓቱ ተመልሶ ይቆማል። የሚጎዳውስ ማነው? በ2022 ነጭ ልጅ ራሱን የሚያገኝባቸው ሌሎች ሺህ ፊልሞች ነበሩት። በ2004 ያ ቀይ ዳማ ልጅ የነበረው አንድ መጽሐፍ ነው። አንድ ያለችውን በግ መውሰድና ከመቶ አንዷን መጋራት እኩል አይደለም።

ወዳጃችን አሁንም አልተስማማም። "ስሜት እንጂ መርሕ አይደለም" ይለናል። ይሁን፤ ቂም አልያዝንም፣ ሂሳቡን ግን እሱ ከፍሏል።

ምን ቀረልን?

ኧርሱላ ለጉዊን በጃንዋሪ 2018 በሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ በኖረችበት በፖርትላንድ ከተማ አረፈች። ያ የሁለት ምሽት ፊልም ዛሬ ከሚታወስባቸው ነገሮች ዋናው የሷ ተቃውሞ ነው። መጽሐፉ ግን አሁንም ይታተማል፤ ጌድም እዚያ ውስጥ አሁንም ቀይ ዳማ ነው።

እኛም አገር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ብዙ ሰው የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንስተው ሲያነቡ እንኳ የሱ ድምፅ የሚሰማቸው ስንት ናቸው? ከመጽሐፍ ወደ ሌላ መድረክ መሻገር በራሱ ክህደት አይደለም። ወጋየሁ መጽሐፉን አንብቦ ለኛ አደረሰው፤ ከውስጡ ሰው አላስወጣም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ተከታታይ ባየን ቁጥር አንድ ልማድ አውጥተናል። "መጽሐፉ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?" ብለን አንጨቃጨቅም። "መጽሐፉ ውስጥ የነበረ፣ እዚህ የሌለ ማነው?" ብለን እንጠይቃለን። አንዳንዴ መልሱ ቶም ቦምባዲል ይሆናል፤ ስቀን እናልፋለን። አንዳንዴ ግን መልሱ እኛ ራሳችን እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ሲዲውን ዝም ብለን አንመልስም።

መጽሐፏን ያነበባችሁ ካላችሁ፣ የት ገጽ ላይ እንደቆማችሁ ንገሩን። ያላነበባችሁ ደግሞ ፈልጉት፤ የኛዋ ቅጂ በተራ ላይ ናት፣ ሽፋን ግን የላትም። ምናልባትም ሽፋን ባይኖራት ይሻላል፤ ማን ተስሎባት እንደነበር ማን ያውቃል?

ቸር ይግጠመን!